ወር በገባ በአሥር

ወር በገባ በአሥር፣ ጎህ ሳይቀድ ማለዳ፣
ሱ ፎልስ በበረዶ ነጥታ እንደ አቡጀዳ፣
የሱቁን በር ልከፍት ቁልፍ ይዤ ስመጣ
ሰልፉ ቀድሞኛል፣ እስከ መንገድ ወጣ።

ፊት የቆመችው ይመኙሻል ናት፤
ከአሳማ ፋብሪካው መጣች ቢላ ጥላ፣
ካርዷን እንደ ክታብ ባንገቷ አንጠልጥላ።
ከኋላዋ ናው ፓው፣ መንቶቿን አዝላ፤
ቀጥሎ ሚስተር ሃልቨርሰን፣ ጉልበቱን አስሮ፣
ዕድሜውን በቆሎ ሲያመርት ኖሮ ኖሮ
ዛሬ በሳንቲም ይቆጥራል የበቆሎ ቆርቆሮ።

ወተት እስከ ሦስት ሰዓት፣ ሙዝ እስከ አራት ያልቃል።
ቀትር ላይ መደርደሪያው አጥንቱ ይታያል።
አርፍዶ የደረሰ የዋጋ ወረቀት ያነብባል።

በዘጠነኛው ቀን ደግሞ ሰው ቢመጣ
ጭር ያለ ሱቅ ያያል፣ የጠወለገ ሰላጣ።
በሳጥን በሳጥን ገንዳ ስጥል ውዬ፣
እጄን ሳልታጠብ ይጠራል ስልኬ፦
«እስከ ነገ ብቻ፣ አንድ ጋሎን ወተት . . .»
ነገ አሥር ነው። ነገ ሁሉም ሀብታም ነው፣ እስከ ቀትር።

አሥር ብለው ጻፉት፤ እኔ ሳነበው እስር፤
ሠላሳ በር ላለው ወር የተከፈተው አንድ በር።

በጥር ወር ፒር ሄድኩ፣ መንግሥት ወዳለበት፣
ነፋስ መኪናዬን ወደ ጎን ሲጎትት።
መንገዱ ሦስት ሰዓት ተኩል፤ ለመናገር ሦስት ደቂቃ።
ጥናት አልያዝኩም፤ ደብተሬን ነው የያዝኩት፦
በግራ ገጽ፣ በዘጠኝ የጣልኩት፤
በቀኝ ገጽ፣ በአሥር ያለቀው።

«ጨምሩ አላልኩም፣ አንዲት ቤሳ እንኳ፤
ያው ወተት ነው፣ ያው ዱቄት፤ ቀኑን ብቻ በትኑት» አልኩ።
ሰብሳቢዋ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ፦
«ኮምፒውተሩ አርጅቷል፤ የሚያውቀው አንድ ቀን ነው።»
«እኛም የምናውቀው አንድ ቀን ነው፣ እመቤቴ፤
ልዩነቱ፣ እሱ አይርበውም።»
ማን እንደሳቀ አላየሁም። ቀይ መብራት በራ። ወረድኩ።

ረስቼው ነበር። በሰኔ ደብዳቤ መጣ፦
ወሩ ለሁለት ይከፈላል፣ አሥር እና ሃያ፣
በአባት ስም ፊደል።
የዚያን አሥር፣ ቀትር ላይ፣ ወተት ነበር!
ሙዝ ነበር፤ ሰልፉ እስከ ፀጉር ቤቱ አልደረሰም።
ሚስተር ሃልቨርሰን ሰላጣ ገዛ፣ እንደ አበባ ይዞት ወጣ።
ኩራት ልበለው ምን ልበለው፣ ደረቴ ተነፋ።

ይመኙሻል ግን የለችም።

ያባቷ ስም ዘለቀ፤ በፈረንጁ ፊደል ጭራ ላይ።
ያለፈውን አሥር ወስዳለች፤ የሚቀጥለው ሃያ፤
መሐሉን ስትቆጥረው አርባ ሆነባት።
ማታ ደወለች፤ ወተት አልጠየቀችኝም፦
«አንቺ ነሽ አሉ ያስቀየርሽው።»
«እኔ ነኝ።»
«ደግ አደረግሽ። ግን አርባ የማውቀው ለሙት ሲወጣ ነው።
አባቴ ዘለቀ፤ ዱቄቱ አልዘለቀም።»
ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።
በሩን ለሁለት ሳስከፍል
መሐሉ ላይ የቆመውን ሰው አላየሁም።

በማግስቱ ጋሎን ይዤ በሯን አንኳኳሁ።
«ብድር ነው» አለች፣ ተቆጥታ። «ብድር ነው» አልኩ።

ደብተሬን ገለጥኩ፤ ሦስተኛ ገጽ።
በራሱ ላይ ጻፍኩ፦ ከአሥር እስከ ሃያ።
ከሥሩ የይመኙሻልን ስም፣ የልጆቿን ቁጥር፤
ከዚያ የናው ፓውን፣ የአባት ስም የሚባል የላትም፣
ቢሮው ከሁለቱ አንዱን መርጦ አባት አድርጎላታል።
ገጹ እስኪሞላ ሳምንት አልፈጀም።

ፒር ሦስት ሰዓት ተኩል ነው።
ነፋሱን አሁን አውቀዋለሁ።